ሬዲዮ ያነበበው ድርሰት

ሰውየው ሥራው ፀጉር ማስተካከል ነው። ሰፈሩ ግን እጁን ትቶ በምላሱ ሰየመውና «ሬዲዮ» ይለዋል። እሱም በቅጽል ስሙ አይከፋም፤ ድምፁ ስለሚያምር የወጣለት ይመስለዋል። «እኔ እንኳ ወሬ ላይ የለሁበትም፤ አድማጭ ነኝ» ይላል። አድማጭነቱን ለማስረዳት ብቻ የአንድን ሰው ፀጉር ከጆሮ ግንድ እስከ ጆሮ ግንድ ይጨርሳል። ሰውየው በመሃል «እም» ለማለት ካልሆነ ዕድል አያገኝም።

ሱቁ ውስጥ ያለው አንድ የሚሽከረከር ወንበር፣ ዳሩ የተሸረፈ ትልቅ መስታወትና ለተረኞች መቀመጫ የሚሆን አግዳሚ ነው። ቀጠሮ ያለው ሰው እዚያ አይገባም። የገባ ግን አይቆጭም፣ እውነቱ ይነገር ከተባለ፤ አኩርፎ የገባ ስቆ ይወጣል። ሬዲዮ ነጭ ጋዋኑን ለብሶ መቀሱን አየር ላይ እያንጫጫ ሾፌሩን ስለ ፍሬን፣ ግንበኛውን ስለ ሲሚንቶ፣ ሊያገባ ያሰበውን ስለ ትዳር ይመክራል። አብልጦ የሚመክረው ግን ስለ ልጅ አስተዳደግ ነው። «ልጅ ማለት ወሬ ነው ጌታዬ! ያላወራኸው ልጅ የጎረቤት ልጅ ነው» ይላል። አባቶቹም ፎጣ አንገታቸው ላይ እንደተጠመጠመ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ማሽን እየሠራ ራስ መነቅነቅ ደግ እንዳልሆነ የሚገባቸው እቤት ገብተው መስታወት ሲያዩ ነው።

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች አሉ። ይህ የልጅ አስተዳደግ ሊቅ አንዲት ልጅ አለችው፤ አሥረኛ ክፍል ናት። ሚስቱ ነርስ ስለሆነች አብዛኛውን ጊዜ የማታ ተረኛ ናት፤ ስለዚህ ራት የሚቀርቡት አባትና ልጅ ብቻቸውን ነው። ሬዲዮ እቤቱ ሲገባ ምላሱ ይተሳሰራል። ቀኑን ሙሉ ስትሮጥ የዋለች ምላስ ናትና አይፈረድባትም።

«ትምህርት እንዴት ነው?» ይላል።

«ደህና ነው።»

«ጥሩ።»

የምሽቱ ዜና ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ ማንኪያና ሹካ ብቻ ነው የሚሰማው። እሱ ጥፋቱን በልጅቷ ላይ ያላክካል፤ «ዝምተኛ ናት፣ በእናቷ ወጥታ ነው» ይላል ለራሱ። ትንሽ ሳለች ግን እንዲህ አልነበረችም። ከትምህርት ቤት ስትወጣ በቀጥታ ሱቁ ትመጣና አግዳሚው ላይ ተቀምጣ፣ እግሯን እያወዛወዘች፣ ስትስቅ ታመሽ ነበር። ሁለተኛ ደረጃ ከገባች ወዲህ በማዶው አስፋልት ነው የምታልፈው። እሱም የሰው ፀጉር ይዞ በመስታወቱ ውስጥ ስታልፍ ያያታል። አፍራብኛለች ብሎ ደምድሟል። ይህ ነገር ያመዋል፤ ሬዲዮ ለማንም ያላሰራጨው ወሬ ቢኖር ይህ ብቻ ነው።

ታዲያ የሰፈሩ ክበብ በየዓመቱ፣ እዚያው ሰፈር ባለው ትምህርት ቤት፣ ለተማሪዎች የድርሰት ውድድር ያዘጋጃል። የክበቡ ሊቀመንበር የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ነው። ራሱ እንደ ብርጭቆ የተወለወለ መላጣ ነው፤ ንግግር ሲጀምር እንጂ ሲጨርስ ያየው ሰው የለም። የዘንድሮውን ርዕስ ያወጣው እሱ ነው፦ «የማደንቀው የሰፈሬ ሰው»። ምን ነካው የሚያሰኝ ርዕስ ነው። በማግስቱ ሰፈሩ በደግ ሰው ተጥለቀለቀ።

ኳስ ግቢዬ ገባ ብሎ በቢላ ይቀድ የነበረው ጡረተኛ፣ ኳሱን አየር ሞልቶ በር ላይ ቆሞ ባለቤቱን ይጠብቅ ጀመር። የፍራፍሬ ነጋዴው ዩኒፎርም ያየ እንደሆነ ሙዝ ይዞ ይሮጣል። ጋራዥ ያለው መካኒክ ተማሪ ሲያልፍ መሳደብ አቆመ፤ ብሎን እጁን ሲቀጠቅጠው እንኳ «ምንም አይደል» ይል ነበር። ሊቀመንበሩማ አላፊ አግዳሚውን ተማሪ ሁሉ እያስቆመ የሕይወት ታሪኩን ባጭሩ መናገር አመጣ። ባጭሩ የሚለው ቃል በሱ አፍ ምን ማለት እንደሆነ ሰፈሩ ያውቀዋል።

ሬዲዮ ከሁሉም የተሻለ ዘዴ ነበረው፤ ተማሪዎቹ ራሳቸውን ይዘው የሚመጡት ወደ እሱ ነው። ግማሹን ራስ ይቆርጥና ማሽኑን ያጠፋል።

«ስለ ማን ነው የምትጽፈው አንተ?»

«ስለ… ስለ መምህራችን ነው ጋሼ።»

«እህ! ጥሩ ሰው ናቸው። እኔንም ያውቁኛል» ይልና ማሽኑን ሳያበራ ይቆያል። ልጁ በመስታወቱ አንዱን ወገን ጨፈቃ፣ ሌላውን ወገን ሜዳ የሆነ ራሱን እያየ «ስለ እርስዎም እጨምራለሁ» ይላል። ማሽኑ ይነሳል። ይህን ያየ ሰው ሬዲዮ ዝና ፈለገ ይል ይሆናል። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ የሰው ልጅ ሁሉ ቢጽፍለት አይሞቀውም ነበር። ማወቅ የፈለገው የራሱ ልጅ ስለ ማን እንደምትጽፍ ነው። እሷን ደግሞ ወንበር ላይ አስቀምጦ ግማሽ መቁረጥ አይቻልም።

አንድ ማታ ራት ጠረጴዛው ላይ ስትጽፍ ደረሰባት። ወረቀቱን በክንዷ ጋረደችው።

«ስለ ማን ነው?»

«ስለ ሰፈር ሰው።»

«አውቀዋለሁ?»

ልጅቷ ቀና ብላ ትክ ብላ አየችው። «እንጃ» አለች።

እንጃ! ሬዲዮ በሰፈሩ የማያውቀው ሰው የት ተወልዶ! ሌሊቱን ሲገላበጥ አደረና ጥርጣሬው በዳቦ ጋጋሪዋ ላይ አረፈ። ልጁ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ዳቦ ቤት እንደምትቆም ያውቃል፤ አንድ ቀን እንዲያውም በዚያ ሲያልፍ የሳቋን ድምፅ ሰምቶ ነበር። በማግስቱ ዳቦ የሚገዛ መስሎ ሄደ።

«የኔ ልጅ እዚህ እየመጣች አስቸገረችሽ እንዴ?»

«ኧረ ምን በወጣት! ወሬዋ ነው የሚያቆየኝ እንጂ» አለችው ዳቦ ጋጋሪዋ፣ ዱቄት ባለበት እጇ ግንባሯን እየጠረገች። «አንዴ ከጀመረች ማን ያስቆማታል? ትናንት በሷ ወሬ ስስቅ አንድ ፓትራ ዳቦ አሳረርኩ።»

«የኔ ልጅ?»

«ታዲያ የማን ትሆናለች? ቁርጥ አንተን!»

ሬዲዮ ዳቦውን ረስቶ ወጣ። በዚያ ቀን የተስተካከሉ ሰዎች ምክር ሳያገኙ ነው የተመለሱት፤ አንዱማ ታመመ ብሎ ለሰፈር አወራ። ልጁ ወሬ ታውቃለች። ለዳቦ ጋጋሪ ታወራለች። ለአባቷ ግን «ደህና ነው» ብቻ። ቅናት ያዘው፤ ቅናት ነው፣ ሌላ ስም የለውም። እንግዲህ የቀረችው አንዲት ተስፋ ያቺ ወረቀት ነበረች። ሽልማቱ ይቅርባትና ልጁ በአፏ ያላለችውን በጽሑፍ እንኳ «የማደንቀው አባቴን ነው» ብትል ብሎ ተመኘ።

የክበቡ ደንብ እንዲህ ነው። ተማሪዎቹ ስማቸውን አይጽፉም፣ ቁጥር ይሰጣቸዋል። የእጅ ጽሑፍ እንዳይታወቅ የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ሁሉንም በኮምፒዩተር ትገለብጠዋለች። ከዚያ መምህራኑ ያወዳድራሉ። አንደኛ የወጣውን ድርሰት መድረክ ላይ የሚያነበው ደግሞ ተማሪው ሳይሆን የክበቡ አባል ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት ያሸነፈችው ልጅ ለጫማዋ ብቻ አንብባ ስለወረደች ነው። ከዚያ ወዲህ የሚያነበው ሊቀመንበሩ ነበር። አምና ግን ስለ ዛፍ መትከል የተጻፈ ድርሰት ቀድሞ ወስዶ ሲያጠና ከረመና፣ መድረክ ላይ ሲያነብ ዛፎቹ መሃል የእሱን መድኃኒት ቤት የሚያመሰግኑ ሁለት አንቀጾች በቅለው ተገኙ።

በዚህ የተነሳ ዘንድሮ በክበቡ ስብሰባ ላይ፣ እሱም አባል ነውና፣ ሬዲዮ እጁን አወጣ። «አንባቢው ድርሰቱን ቀድሞ ማየት የለበትም! በታሸገ ፖስታ መድረክ ላይ ይሰጠው፤ እዚያው ከፍቶ ያንብብ» አለ። ተጨበጨበ። «ታዲያ ማን ያንብብ?» ሲባል ድምፁ የሚያምረው ሰው ማን እንደሆነ ራሱ ለመጠቆም አላፈረም። ደንቡን አወጣ፣ ንባቡን ወሰደ፣ ደረቱን ነፍቶ ወጣ። በገዛ እጁ ምን እንዳዘጋጀ ቢያውቅ ኖሮ ያን ዕለት አፉን በፎጣ ያስር ነበር።

የዕለቱ ዕለት የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ጢም አለ። የቋንቋ መምህርቷ ከመድረኩ ጀርባ መጥታ ክንዱን ያዘችው።

«ጋሼ፣ ዘንድሮ እንኳ ሌላ ሰው ቢያነበው…»

«አይዞሽ መምህር፣ ጉሮሮዬ ደህና ነው! በሙቅ ውሃ ነው ያደርኩት።»

«አይደለም፣ ድርሰቱ ትንሽ…»

«ረጅም ነው? ረጅም እወዳለሁ!» አለና ሳታስጨርሳት ወጣ። ምስኪን፤ ልትናገር ሞክራ ነበር። ሬዲዮን ማን አቋርጦ ያውቃል?

ማይክራፎኑን በጣቱ ቆረቆረ። ሦስተኛው መደዳ ላይ ልጁን አያት፤ ፊቱን ስታይ ደንግጣ አንገቷን ደፋች። የሚያነበው እንደ ወትሮው ሊቀመንበሩ መስሏት ነበርና። እሱ ግን ያላሸነፈች መሆኗን አውቃ የተከፋች መሰለው። ዛሬ ማታ አጽናናታለሁ ብሎ አሰበ፤ በምን ቃል እንደሚያጽናናት ግን አላወቀም። ፖስታውን ቀደደ።

«እኔ የማደንቀው የሰፈሬ ሰው» ብሎ ጀመረ በዚያ በሚያምር ድምፁ፣ «ዝምታ የሚባል ነገር አያውቅም። ዝምታ በበሩ ብታልፍ ጠርቶ ያስገባትና እስክትለፈልፍ ድረስ አይለቃትም።»

አዳራሹ ሳቀ። ሬዲዮም ሳቀ። ወዲያው ማን እንደሆነ ገባውና፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ ፊት ለፊት ወደተቀመጠው ሊቀመንበር ተመለከተ።

«ሾፌሩን ስለ ፍሬን፣ ሐኪሙን ስለ ደም ግፊት፣ ዳቦ ጋጋሪዋን ስለ እርሾ ይመክራል። ከምክሩ በኋላ የሾፌሩ መኪና ገደል ያልገባው ሾፌሩ ስላልሰማው ነው።»

ሳቁ ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። ጡረተኛው ጉልበቱን ይመታል፣ መካኒኩ እንባውን ይጠርጋል። ሊቀመንበሩ ራሱ ሆዱን ይዞ ይንፈራፈራል። «እንዴት ያለ ቻይ ሰው ነው! እኔ ብሆን ወጥቼ እሄድ ነበር» አለ ሬዲዮ በልቡ። አንድ እጁን ከወረቀቱ አላቀቀና በደንብ እየተወነ ቀጠለ።

«አንድ ቀን አንድ መንገደኛ አድራሻ ሊጠይቀው ቆመ። ያ መንገደኛ አድራሻውን እስከ ዛሬ አላገኘም። የሰውየውን የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ግን ከማደንዘዣው እስከ ስፌቱ ያውቃል።»

ሬዲዮ ንባቡን ገታ አደረገ። ለካ ሊቀመንበሩም ትርፍ አንጀቱን አውጥቷል! እሱም ያወጣ ስለሆነ፣ አንድ ቀን ቁጭ ብለው ቢያወሩበት ደስ እንደሚለው አሰበ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የተባለው ለእንዲህ ያለው ቀን ነው። አዳራሹ በሙሉ ስለ ማን እንደሚነበብ ያውቃል፤ የማያውቀው የሚያነበው ብቻ ነበር።

«ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ ነጭ ጋዋኑን ከበሩ ኋላ ይሰቅላል።» ልክ ነው፣ ባለ መድኃኒት ቤት ጋዋን ይለብሳል። «ከጋዋኑ ጋር ድምፁንም አብሮ ይሰቅለዋል።» ሳቁ ረገብ አለ። «ከዚያ ከደረት ኪሱ ማበጠሪያ ያወጣና ፀጉሩን ወደ ኋላ አበጥሮ ራት ይቀርባል።»

ሬዲዮ ቀና ብሎ ሊቀመንበሩን አየው። የአዳራሹ መብራት መላጣው ላይ ያበራል። እዚያ ራስ ላይ ማበጠሪያ ምን ሊሠራ? እጁ ሳያዘው ወደ ገዛ ደረት ኪሱ ሄደ። ማበጠሪያው አለ። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው፤ አፉ ከልቡ ቀድሞ ሲሮጥ የኖረ አፍ ነውና የሚቀጥለውን አረፍተ ነገር ከማቆሙ በፊት አንብቦት ነበር።

«ይህ ሰው አባቴ ነው።»

ከዚህ በኋላ ንባቡ ቆመ። ፊደሎቹ ይታዩታል፣ ድምፅ ግን የለም። ሊቀመንበሩ «ቀጥል እንጂ» ብሎ በሹክሹክታ ገፋፋው። ከኋላ አንዱ «ሬዲዮው ተበላሸ!» ሲል ጥቂቶች ሳቁ። መምህርቷ ወረቀቱን ልትቀበለው ተነሳች፤ እሱ ግን በእጁ ከለከላት።

«ይኼን…» አለና እንደገና ጀመረ፣ «ይኼን ያለ ባለቤቱ ማንበብ አልችልም። ነይ እስቲ እናቴ። ነይ ጨርሺው።»

ልጅቷ እንደ እሳት ቀልታ ወጣች። ወረቀቱን ተቀበለችው። ለጫማዋ አላነበበችም፤ የአባቷ ድምፅ ነበራት።

«አባቴ ቀኑን ሙሉ ለሰው ሲያወራ ይውላል። ለእኔ ሲደርስ ያልቅበታል። ደንበኛው በሆንኩ ብዬ የተመኘሁበት ጊዜ ብዙ ነው። በሱቁ በር የማላልፈው አፍሬበት አይደለም። እዚያ ሲስቅ የማየው ሰውዬና ማታ እቤታችን የሚገባው ሰውዬ ስለማይገናኙ ነው። እኔ የማደንቀው የሱቁን ሰውዬ ነው። የቤቱን ገና አልተዋወቅሁትም።»

መጀመሪያ ዳቦ ጋጋሪዋ አጨበጨበች፣ ሰውም ተከተለ። ሊቀመንበሩ የመዝጊያ ንግግር ሊያደርግ ተነስቶ፣ መሐረብ አውጥቶ ዓይኑን ጠረገና መልሶ ተቀመጠ። በክበቡ ታሪክ ይህ ሲሆን የመጀመሪያው ነው። ሽልማቱ የትምህርት ቤት ቦርሳና ወፍራም መዝገበ ቃላት ነበር።

ሲመለሱ ቦርሳውን እሷ አንግታ፣ መዝገበ ቃላቱን እሱ ታቅፎ ጎን ለጎን ሄዱ። ያን ሁሉ ቃል ደረቱ ላይ ታቅፎ አንድ እንኳ አልመጣለት አለ። አፍሯል፤ በሰው ፊት መሳቂያ ከመሆኑ ይልቅ ልጁ ይህን ሁሉ ጊዜ ስትጠብቀው መኖሯ ነው ያሳፈረው። ዳቦ ቤቱን አለፉ። ጋራዡን አለፉ።

«ተቆጣህ እንዴ አባዬ?»

«ኧረ አልተቆጣሁም።» ጥቂት ሄዱ። «ምን እንደምልሽ ጠፍቶኝ ነው።»

«ሱቅ ሰው ሲገባ መጀመሪያ ምንድነው የምትለው?»

«ምን እላለሁ… እንደ ሰዉ ነው። የቆየ ደንበኛ ከሆነ ‹ምን ሆነህ ጠፋህ?› እለዋለሁ።»

«እሱን በለኛ።»

ሬዲዮ መንገዱ ላይ ቆመ። መዝገበ ቃላቱን ከአንዱ ብብት ወደ ሌላው አዛወረ። በሕይወቱ ስንት ሺህ ጊዜ ያለው ነገር ዛሬ ከበደው።

«ምን ሆነሽ ጠፋሽ?» አላት።

«የት እጠፋለሁ» አለች ልጅቷ፣ «እዚሁ ነበርኩ።»

ከዚያ ጀመረች። ስለ ሒሳብ መምህሩ፣ ከተጣላቻት ጓደኛዋ ጋር እንዴት እንደታረቀች፣ ስላረሩት ዳቦዎች፣ ሲያድጉ ምን መሆን እንደሚሻል ተወራ። አንዱን ሳትጨርስ ሌላውን ታነሳለች፤ ትንፋሽ የላትም። የቤታቸው በር ላይ ደረሱ፣ ሁለቱም ግን አልቆሙም፤ እያወራች አለፉ። አንድ ሁለት ጊዜ ምክር ሊሰጣት አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው።